ታዘብ አጥንቱን ያልነካበት ፋሲካ

ረቡዕ፣ ግንቦት 13 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ጎንደር

የጠዋቱ ቆጠራ፦ ነጭ ሽንኩርት አንድ ጆንያ ተኩል፤ ግማሹ መብቀል ስለጀመረ ቀድሞ ይሸጥ። ፌጦ አንድ ቁና። ጥቁር አዝሙድ ያው እንደ ትናንቱ። ጌሾ የለም፤ ከላይ ይዞ የሚመጣው ሰው ከኬላ ተመልሷል። ታዘብ የጠጣው ውኃ፣ ገና ሳይረፍድ፣ ሁለት ጣሳ። የበላው የለም።

ወንድምዓለሜ፣

በሞት ተለይተኸኝ መበለት ከሆንኩ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ይህን የቀን ማስታወሻ እስከ ዛሬ ለራሴ ነበር የምጽፈው፤ የገባውን፣ የወጣውን፣ የዘነበውን። ዛሬ ግን ልጽፍ ስቀመጥ የሚበዛው ያንተ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ለራሴ ከምነግረው ላንተ ልንገርህ ብዬ ወደ አንተ ዞርኩ።

ውሻህ እየሞተ ነው። መሞቱን ላስቀረው አልችልም። እንዴት እንደሚሞት ግን እስከ ነገ ጠዋት በእኔ እጅ ነው። አልጋ ላይ ሆነህ ያዘዝከኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስለ ቤቱ አላዘዝከኝም፣ ስለ ተዝካርህም አላዘዝከኝም፤ «ታዘብን እንዳታስሪብኝ» ነው ያልከኝ። ይህማ ቀላል ነው ብዬ እሺ አልኩህ። ታዘብ ከጥር ጀምሮ በገመድ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። የጓሮዎቹ ሁለት ክፍሎች ያው የቀበሌ ናቸው፤ ተከራይዋ እትዬ ሙሉነሽም ያው አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸውን ግን እግዜር ይመስገን አላመማቸውም። ሎሚው ዘንድሮ ብዙ አፍርቷል። የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ጋዋንህ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። አንድ ሰው ልግዛው ብሎኝ ነበር፤ ያቀረበው ዋጋ ጥሩ ነበር፤ አልሸጥኩለትም። ዋጋ ቀንቶኝ የማልሸጠው ዕቃ ኖሮኝ አያውቅም ነበር።

ሥራዬ ተቀምጦ መጠበቅ ሆኗል። ድሮ ዳባት ድረስ ወጥቼ ሽንኩርቱን ማሳው ላይ አይቼ ነበር የምገዛው። አሁን ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ የሚሰጠው ለሐዘን፣ ለሕክምና ወይም ለመንግሥት ሥራ ነው፤ ንግድ ከሦስቱ አንዱም አይደለም። ስለዚህ ሌላ ሰው የመረጠውን፣ ኬላው ያሳለፈውን ተቀብዬ እሸጣለሁ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ በሩ ይቀረቀራል፤ ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ የጎረቤት ትንፋሽ ይሰማል። ነጋዴ አንድ ቦታ ሲቀመጥ ራሱ ዕቃ ይሆናል፤ እንደ ሽንኩርቱ ይበቅላል።

የገመዱ ነገር እንዲህ ነው። በጥር አንድ ያበደ ውሻ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሰው ነከሰ። የቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ውሻ ያለው ይሰር፤ ያልታሰረ ውሻ መርዝ ይበላል። መርዙን በሥጋ አድርጎ የሚዞረው አያ ዘለቀ ነው፤ ታውቀዋለህ፣ የቀበሌው ጥበቃ፣ ያ ኮቱ ከጉልበቱ በታች የሚወርደው። ክፉ ሰው አይደለም። ስብሰባው እንዳለቀ መደቤ ድረስ መጣና ፌጦ እንደሚገዛ ሰው ቆመ።

«እሰሪው እንግዲህ፣ የሺ። እኔን ነፍሰ ገዳይ አታድርጊኝ» አለኝ። ሊሄድ ብሎ ደግሞ ተመለሰ። «ስሙንም ቀይሪው። ማታ ማታ ታዘብ፣ ታዘብ እያልሽ ስትጣሪ ሊቀመንበሩ ‹ምኔን ነው የሚታዘበኝ?› ብሎ ጠይቆኛል።»

«ምን አልከው?»

«ውሻ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር፤ ቢታዘብም ስብሰባ ላይ እጁን አያወጣም አልኩት።»

ብትኖር በዚህ ትስቅ ነበር። ስሙን ያወጣህለት ጓሮው ለቀበሌ የተወሰደብን ክረምት ነው። አንተ መወሰዱ ከተነገረበት ስብሰባ አንድ ቃል ሳትናገር ወጣህ፤ እኔ ተናገርኩ፤ ምንም አላተረፍኩም። በማግሥቱ እናትህን ልትጠይቅ ኮሶዬ ወጣህ፤ ስትመለስ ከኮትህ ውስጥ አንድ ፀጉራም ቡችላ አወጣህ። እናንተ አገር ሰው ጎረቤቱን በአፉ አይናገረውም፤ በውሻው ስም ነው የሚናገረው። አባትህ ድንበር ከገፋባቸው ሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጡ ሁለት ውሻ አሳድገው ሞቱ፤ የመጀመሪያው ስሙ «ይደርሳል»፣ ሁለተኛው «ደረሰ»። አንተም «ታዘብ» አልከውና ከዚያ ወዲያ ስለ ቤቱ አንድ ቀን አላነሳህም። ነገሩን ሁሉ ለውሻው አስረከብከው።

ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ይጠብቅሃል፤ ከዚያ ሁለታችሁ ወደ ቁስቋም ትወጣላችሁ። አንዳንዴ እኔም ከገበያ ስመለስ ከሩቅ አያችሁ ነበር። አንተ ከእቴጌዋ ግንብ ጀርባ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለህ፣ እሱ ሜዳውን እየዞረ። «ይኸ ደጋ የተወለደ ውሻ ነው፤ አንገቱ ላይ ነገር አይወድም» ትል ነበር።

ገመዱን እኔው ገዛሁት። ጠንካራ የጭነት ገመድ ነው። ከሎሚው ሥር አሰርኩት። ታዘብ ገመዱ እስከሚደርስበት ሄዶ ቆመ። አልጎተተም፣ አልጮኸም። ገመዱ ያለቀበትን መሬት አሽትቶ ተመለሰና ተኛ። ከዚያ ወዲህ ፈትቼ ቤት ሳስገባው እንኳ እዚያ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ካልገፋሁት አያልፍም። አልፈርድበትም። እኔም የኬላውን ቦታ የማውቀው እንደዚያው ነው።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ውሻ እንደሚከሳ አገር ያውቃል። ቤቱ ሲጾም ውሻውም ይጾማል፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ አጥንት አይኖርም፣ የሚደርሰው ሽሮ የነካው እንጀራ ነው። ስለዚህ የታዘብን መክሳት እያየነው አላየነውም። እኔ ጆንያ ውስጥ ነቀዝ መግባቱን ሳልፈታው የማውቅ ሴት ጎድኑ ሲቆጠር «ሁዳዴ ነው» አልኩ። ውኃ ሲያበዛ «ሽሮው ጨው በዝቶበት ነው» አልኩ። የኋላ እግሩ ሲንገዳገድ «ታስሮ እየዋለ እግሩ ደነዘዘ» አልኩ። ለሁሉም ምክንያት ነበረኝ፤ ሁሉም ምክንያት ደግሞ ልክ ይመስል ነበር።

«ተይው፣ የሺ፣ ፋሲካ ሲመጣ ይወፍራል» አሉኝ እትዬ ሙሉነሽ። «የእኔስ እግር ይንገዳገድ የለ? ማን ሐኪም ጠራልኝ?»

ከአገጩ ሥር እንደ እንቁላል ያለ እብጠት አገኘሁ። ንፍፊት ነው ተባለ። እትዬ ሙሉነሽ በጾም ቅቤ መንካቴን እያጉረመረሙ፣ ቅቤውን ግን ራሳቸው አምጥተው አሹት። አልሟሟም። ውኃውን የጠጣውን ያህል ይሸናል። ሰዓት እላፊ ካለፈ በር መክፈት አይቻልም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ጆንያ አነጠፍኩለት። የመጀመሪያ ጊዜ ጆንያው ላይ ሲሸና አንገቱን ደፍቶ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። በዕድሜው ቤት ውስጥ ሸንቶ አያውቅም።

አያ ዘለቀ አንድ ቀን ግቢ ገብቶ ሲጠጣ አየው። ሰው «ውሻው ሊያብድ ነው» ማለት ጀምሮ ነበር። ቆሞ ጣሳው እስኪያልቅ ተመለከተው።

«ያበደስ ውኃ አይጠጋም» አለ። «ይኸ ግን አባይን ጨርሶ ጣናን ሊጀምር ነው። ምነው እንዲህ ሆነ?»

«ሁዳዴ ነው» አልኩት።

«እንግዲያስ ፋሲካ እስኪደርስ ደጅ አታውይው። እኔ ያየሁትን ሌላ ሰው ቢያየው ሌላ ይላል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታዘብ ቤት ውስጥ ነው የሚውለው። በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱም ይዘጋል። ፋሲካን የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይጠብቃል፤ እኔ እንደዘንድሮው ጠብቄ አላውቅም።

ፋሲካም መጣ። ከቅርጫው ቅልጥም ደረሰኝ። ሥጋውን ሳልግጠው ከነመቅኑ አስቀመጥኩለት። ታዘብ ቀና አለ። አሸተተው። አንዴ ላሰው፤ የጠገበ እንግዳ የቀረበለትን እንዳያስቀይም እንደሚቀምስ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ ውኃው ሄደ።

እትዬ ሙሉነሽ በር ላይ ቆመው ነበር። «ይህንማ ሙት ጠራው» አሉ። ጠሪው አንተ ነህ ማለታቸው ነው። እኔ ግን ያየሁት አንተን ነበር፤ በነቢያት ጾም መጨረሻ ሳህኑን በጣትህ ስትገፋው። ያን ጊዜም «እየጾምኩ ነው» ትለኝ ነበር፤ አመንኩህ። ጾም ለበሽታ ጥሩ መጋረጃ ነው። መጋረጃው የተገለጠው ያንተ እግር ሲያብጥና ቀኑን ከሌሊት መለየት ሲያቅትህ ነው፤ የታዘብ ደግሞ በፋሲካ።

ታስታውስ እንደሆነ አላውቅም፤ አእምሮህ ጥርት ባለበት አንድ ቀን ነግረኸኝ ነበር። ለምን እንዲህ ይጠማሃል ብልህ እጄን ይዘህ፣ «አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ ይገባሻል» አልክ። «አጥንት ጎተራ ነው። አጥንትን የሚያጠነክረው ካልሲየም የሚባለው ነገር እዚያ ነው የሚከማቸው። ደም የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፤ ያችኑ በልኳ ያወጣል። ነቀርሳው፣ ካንሰሩ፣ ግን የሐሰት ማዘዣ ይጽፋል። ጎተራው ማዘዣውን አምኖ ይከፈታል። ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ጎተራው ይራቆታል። ይህ ሁሉ ደም ውስጥ ሲበዛ ኩላሊት ውኃ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ እጠጣለሁ፣ ይወጣል፤ ደግሞ እጠጣለሁ።»

«ማኅተሙን ማን ሰጠው?» አልኩህ።

ሳቅህ። ከዚያ በኋላ ስትስቅ ያየሁህ አይመስለኝም።

ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን ታዘብን በጋሪ ጭኜ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሙ አስናቀ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ቦቲ ጫማ ያደረገ፣ በሬ ሲያክም የዋለ። ከአገጩ ሥር ዳሰሰ፣ ከትከሻው ፊት ዳሰሰ፣ ከጉልበቱ ጀርባ ዳሰሰ። በየቦታው ያው እብጠት ነበር። «ንፍፊት ብቻ አይደለም» አለ። «የንፍፊት ዕጢዎቹ ነቀርሳ ነው። ጥማቱ ከምን እንደሆነ ለማወቅ ደሙ ይታይ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን መለኪያው የለም።»

«ደሙን ይቅዱልኝ፤ የት እንደሚለካ አውቃለሁ» አልኩት።

ወርቁ ዘንድ ሄድኩ። ላቦራቶሪው ውስጥ አሁን ባንተ ቦታ ወንበር ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው፤ አልተመቸውም፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። የሰውን ሥራ ጨርሶ ከቀረው የምርመራ መድኃኒት ለካልኝ። የታማሚ ስም ከነአባት መጻፍ ግድ ነው ብሎ «ታዘብ ደሳለኝ» ብሎ ጻፈ። «ልጅ የላችሁም ነበር፣ እትዬ፤ ይኸው አሁን አላችሁ» አለኝ። እዚያው አልሳቅኩም። ቁልቁለቱን ስወርድ ግን ብቻዬን ስቄያለሁ።

በማግሥቱ ሲነግረኝ እጁን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከትቶ ነው። «ካልሲየሙ ከፍ ያለ ነው። ተሳስቼ እንዳይሆን ደግሜ አየሁት፤ ያው ነው።» ከዚያ «እንደ ጋሼ ደሳለኝ ነው» አለ።

አስናቀን መጀመሪያ የጠየቅኩት የእትዬ ሙሉነሽን ጥያቄ ነበር፤ የጌታውን በሽታ ወሰደ ወይ ብዬ። «አይወስድም» አለኝ። «ነቀርሳ ከሰው ወደ ውሻ አይሄድም። ውሻ የራሱ አለው፤ ይህ ዓይነቱ ደግሞ ካልሲየሙን ሲያበዛ ብዙ ጊዜ ይታያል።» መድኃኒቱን ስጠይቀው አላታለለኝም። «ነቀርሳውን የሚያቆም እዚህ የለም። የጨው ውኃ በደም ሥሩ ብንሰጠው ኩላሊቱ ትርፉን ይዞ ይወጣል፤ እብጠቱን የሚያሳንስም ኪኒን አለኝ። ሁለቱም ለጊዜው ነው። ማዘዣውን የሚጽፈው እዚያው ነው ያለው።» ማዘዣ ያለው እሱ አይደለም፤ ቃሉን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አሁን ያንተን ቃል ከሌላው ሰው ቃል መለየት አቅቶኛል።

የጨው ውኃው ጠርሙስ ለጥጃ የመጣ ነበር። አንገቱን ይዤለት፣ ታዘብ ጠብታው እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ፣ ወንድምዓለሜ፣ አራት ደህና ቀናት ሰጠን። ቆመ። እንጀራ በመረቅ በላ። ቅልጥሙን እንኳ አንስቼለት ስለነበር አውጥቼ ሰጠሁት፤ ይዞት ሎሚው ሥር ሄደ። ሊቀመንበሩ በበራችን ሲያልፍ እንደ ጥንቱ ጮኸበት። አያ ዘለቀ ከኋላው ሆኖ ኮቱን በአፉ ላይ አድርጎ ሲስቅ አየሁት። ዳነ ብዬ አልዋሽህም፤ ግን የሚድን መሰለኝ።

በአምስተኛው ቀን ውኃው ዳር ተኝቶ አገኘሁት። ሁለተኛውን ጠርሙስ ሰጠነው፤ ሁለት ቀን ሰጠን። አሁን ምግብ አይገባለትም፤ የገባውም ይመለሳል። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም። የጭኑ ሥጋ በራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡም ዘግይቷል። አስናቀ «አንድ ጠርሙስ ቀርቶኛል። እሺ ካሉ እሰጥዎታለሁ» አለኝ። ዓይኑ ግን እሺ እንድለው አልፈለገም። እኔም ሦስተኛው ለእኔ እንጂ ለታዘብ እንዳልሆነ ገባኝ። የሰው ጥጃ ሊያድን የሚችል ጠርሙስ ነው። ይቅር አልኩት። «እንግዲያስ ለዘለዓለም የሚያስተኛው መርፌ አለ፤ አያመውም» አለ።

ያን ጊዜ ነው ኮሶዬን ያሰብኩት። እዚያ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ገመድም የለ፣ ሥጋ ይዞ የሚዞር ሰውም የለ። የተወለደበት አፈር ላይ ፈትቼው፣ መርፌውን እዚያው ይስጠው አልኩ። አስናቀ ለሥራ ወደዚያ መውጣት ይችላል። የቀረው የእኔ ወረቀት ነበር።

ትናንት ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ።

«የታመመው ማን ነው?» አለኝ ብዕሩን አንስቶ።

«ውሻዬ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔ ለውሻ የይለፍ ወረቀት ብጽፍ ነገ ድመት ያለው ሁሉ ይሰለፋል።»

«ድመት ኮሶዬ ምን ትሠራለች? ብርዱ ይገድላታል» አልኩት።

ሊስቅ ብሎ ተወው። በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ ዳባት ናት። ዓይኗን ካየሁ ሁለት ዓመቴ። ማኅተሙ ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ለራሴ አንድ ቀን መትቼ አላውቅም። ለራሴ ያልመታሁትን ላንቺ ውሻ ልምታ?»

እኔ ማኅተም ያለው ሰው የፈለገበት የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። ከቢሮው ስወጣ እሱ ከእኔ በበለጠ አጭር ገመድ ላይ እንዳለ አሰብኩ፤ የእኔ እንኳ ገበያ ድረስ ይደርሳል።

መንገድ ላይ ነገሩን እንደ ሸቀጥ አገላብጬ አየሁት። ትእዛዙ ምንድን ነው? ያልታሰረ ውሻ ይሞታል ነው። የሚያስፈራራው በሞት ነው። ታዘብ ግን ነገ ይሞታል። ከዚያ ወዲያ ትእዛዙ ከእሱ ላይ የሚወስደው ነገር የለም። እስከ ትናንት ገመዱ ሕይወቱን ይጠብቅ ነበር፤ ለዚያ ነው ቃሌን አጥፌ ያሰርኩት። አሁን የሚጠብቀው የለም። ኮሶዬ ባይደርስም ቁስቋም ከኬላው ወዲህ ነው።

አስናቀ ከግንቡ ጀርባ ሊያገኘኝ ተስማማ። ለአያ ዘለቀ ግን ዛሬ ጠዋት መደቤ ሲመጣ ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ሥጋውን ይዞ ሲዞር ድንገት ቢያገኘን በትእዛዙና በእኛ መሃል የሚጨነቀው እሱ ነው። «ነገ ጠዋት ታዘብ ያለ ገመድ ይወጣል» አልኩት።

ፌጦዬን በጣቱ በተነ። «ነገ ጠዋትስ እኔም የለሁም» አለ። «ቀብር አለብኝ ብዬ አስፈቅጃለሁ።»

«የማን ቀብር?»

«የጎረቤት» አለኝ። ትንሽ ሄደት ብሎ ደግሞ፣ «ዶማ ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ዶማ አታውቂበትም» አለኝ።

አንተ ያረፍክበት የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ውሻ እንደማይቀበር አውቃለሁ። ከቅጥሩ ውጪ፣ ሁልጊዜ የምትቀመጥባት ድንጋይ አጠገብ ይሆናል። አንተ ከግንቡ ወዲህ፣ እሱ ከግንቡ ወዲያ። ቢጮህ ይሰማሃል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ገመዱን ፈታሁለት። እዚያው ሎሚው ሥር ተኝቶ ቀረ፤ አልተነሳም። አንገቱ ላይ ፀጉሩ የተላጠበት ቦታ አለ፤ በእጄ ሸፈንኩለት። ነገ ሜዳው ላይ መራመድ ይችል እንደሆነ አላውቅም። ባይችል ከጋሪው አውርጄ ሣሩ ላይ አስተኛዋለሁ። ቢችል ደግሞ፣ ገመዱ ያልቅበት የነበረውን ያህል ሄዶ እንዳይቆም ነው የምፈራው። ከቆመ ካጠገቡ ሆኜ እገፋዋለሁ፤ አንድ እርምጃም ቢሆን ያልፈዋል።

እኔ ከዚያ እመለሳለሁ። ከሜዳው ጫፍ የደባርቅ መንገድ ይታያል፤ አየዋለሁ፤ እመለሳለሁ። በሩ ከሰዓት እላፊው በፊት ይቀረቀራል። ያንተን ጋዋን ከበሩ ጀርባ አላነሳውም፤ የገዢውም ዋጋ ይቅርብኝ። ቀለም የሚለቅ ተስፋ ልሰጥህ አልፈልግም፤ የማደርገውን ብቻ ነው የምነግርህ። ከእንግዲህ ውኃ የሚያበዛ ሰው ባየሁ ቁጥር አንተን አስቤ ምን ሆነህ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። በጾም የከሳን ፍጥረት ጾም ነው ብዬ አላልፍም። መታሰቢያህ በእኔ ዘንድ ይኸው ነው፤ ሌላም ሰው ይጠቀምበት።

ነገ፦ ጋሪው አንድ ሰዓት ላይ በር ይደርሳል። የበቀለውን ሽንኩርት ከመሄዴ በፊት ለመደብ ጎረቤቴ መተው። ጆንያ አንድ፣ ለጋሪው ንጣፍ። ለታዘብ ውኃ በጣሳ መያዝ። ገመዱ ቤት ይቀራል።